ወረቀት እያላቸው ጎዳና ያደሩ

(ለንደን ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪ ታዳሚዎች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። እኛ ስደተኞች ስንገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ወረቀት አገኘህ ወይ?» ያገኘ ሰው ተገላገለ ይባላል። ያላገኘው ወይ ጠበቃ ዘንድ እየተመላለሰ ነው፣ ወይ ጓደኛው ሶፋ ላይ ነው። ዛሬ የማወራላችሁ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወረቀት ስለነበራቸው ሰዎች ነው። ሰሃራን አላቋረጡም፣ ጀልባ አልተሳፈሩም፣ አሻራ አልሰጡም። ከፖላንድ ከተሞች አውቶቡስ ተሳፍረው ቪክቶሪያ ኮች ስቴሽን ወረዱ፤ ድንበር ላይ መታወቂያ አሳይተው አለፉ፤ በማግስቱ ሥራ ፍለጋ ወጡ። ከእነዚሁ መካከል ጥቂት የማይባሉት ውለው አድረው እዚሁ ከተማ ውስጥ መናፈሻ፣ ጋራዥና ድልድይ ሥር ማደር ጀመሩ። በለንደን ጎዳና ላይ የሚያድሩ ሰዎች በሚመዘገቡበት መዝገብ ውስጥ ከውጭ አገር ዜጎች ፖላንዳውያን ለዓመታት ከፊተኞቹ አንዱ ነበሩ፤ ኋላ ሮማንያውያን እስኪበልጧቸው ድረስ።

ነጮች ናቸው፣ አውሮፓውያን ናቸው፣ የመሥራት መብት አላቸው፣ ወገንም ሞልቷቸዋል። ታዲያ ምን ጎደለ?

ቁጥሩን ቶሎ ልለፈው። ፖላንድ ከሌሎች ዘጠኝ አገሮች ጋር የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነችው ሜይ 1 ቀን 2004 ነው። አገር ውስጥ ያኔ ሥራ አጥነቱ 20 በመቶ አካባቢ ደርሶ ነበር። ከነባር አባላት አብዛኞቹ የሥራ ገበያቸውን ለጊዜው ዘጉ፤ ጀርመንና ኦስትሪያ እስከ 2011 ድረስ አልከፈቱም። ወዲያው የከፈቱት ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ነበሩ። የብሪታንያ መንግሥት ያስጠናው ግምት ከአዲሶቹ አገሮች ሁሉ በዓመት ቢበዛ 13,000 ሰው ይጨመራል የሚል ነበር። የሕዝብ ቆጠራው እንዲህ ይላል፦ በእንግሊዝና በዌልስ ፖላንድ የተወለዱ ነዋሪዎች በ2001 58,000 ያህል ነበሩ፤ በ2011 579,000 ሆነው ተገኙ።

ይህን ሕዝብ በቅርብ ካጠኑት አንዱ ሚሃው ጋራፒች ናቸው። የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ምሁር ናቸው፣ ራሳቸውም ፖላንዳዊ ናቸው፣ በለንደኑ ሮሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ነው የሠሩት። (የሰው መንደር ገብቶ፣ ቋንቋውን ተምሮ፣ አብሮ ኖሮ ማጥናትን የአንትሮፖሎጂ ደንብ ያደረገው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪም ከክራኮው ተነሥቶ ለንደን የገባ ፖላንዳዊ ነበር፤ እዚህ ሲያስተምር ከተማሪዎቹ አንዱ ጆሞ ኬንያታ ነበር። ከርዕሱ ውጭ ነው፣ ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈለግሁም።) ጋራፒች ከጆን ኢድና ከስቴፈን ድሪንክዎተር ጋር በ2006 ባወጡት ጥናት ለንደን ያሉትን ፖላንዳውያን በአራት ከፍለዋቸዋል። ወቅት ጠብቀው መጥተው ለጥቂት ወራት ሠርተው የሚመለሱትን ሽመላ አሏቸው። አንዴ መጥተው ገንዘብ አከማችተው፣ አገራቸው ቤት ሊሠሩበት የሚያስቡትን ምግብ በጉንጯ በምታጭቀው ትንሽ እንስሳ በሃምስተር ስም ጠሯቸው። ለመቅረት የመጡም አሉ። ከሁሉ የበዙት ግን ሆን ብለው ያልወሰኑት ናቸው። «ስንት ጊዜ ትቆያለህ?» ሲባሉ «እንጃ፣ እናያለን» የሚሉ።

ይህ አለመወሰን ሞኝነት አይደለም። በሁለት አገር እግሩን የተከለ ሰው እዚህ ሲበላሽ እዚያ፣ እዚያ ሲበላሽ እዚህ ይሞክራል፤ ለወጣትና ለጤነኛ ሰው ጥሩ ስልት ነው። ነገር ግን «ለጊዜው ነው» ያለ ሰው የኪራይ ውል አይፈርምም፣ ደረሰኝ አያስቀምጥም፣ ሐኪም ዘንድ አይመዘገብም፣ የደመወዝ ወረቀቱን ይጥለዋል። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ የሚጠየቀው ይኸው የጣለው ነገር ነው።

የሚጠየቅበትም ምክንያት ነበር። በሩ ተከፈተ ስል ሙሉ በሙሉ አልነበረም። ከአዲሶቹ አገሮች የመጣ ተቀጣሪ የስደት ጉዳይ በሚይዘው ሚኒስቴር፣ ሆም ኦፊስ ዘንድ መመዝገብ ነበረበት፤ ክፍያው መጀመሪያ 50 ፓውንድ ነበር፣ በኋላ 90 ገባ። ተመዝግቦ 12 ወር የሠራ ሰው ነው ሥራ ሲያጣ የቤት ኪራይ ድጎማና ሌላውን ቤኔፊት መጠየቅ የሚችለው። በመሃል በጠቅላላው ከ30 ቀን በላይ ሥራ ከፈታ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። ይህ ደንብ እስከ 2011 ቆየ። እንግዲህ የዚያን ጊዜውን የፖላንዳዊ ወንድ ሥራ አስቡት። ሳይት ላይ ነው። አሠሪው «አንተ ተቀጣሪ አይደለህም፣ በግልህ የምትሠራ ነህ» ይለዋል፤ በግሉ የሚሠራ ደግሞ ምዝገባው አይመለከተውም። ለአሠሪው ይመቻል፤ የሕመም ፈቃድ የለ፣ የዓመት ዕረፍት የለ። ሠራተኛውም በእጁ የሚገባው ትንሽ ከፍ ስለሚል ደስ ይለዋል። ሥራው የቆመ ቀን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሚንቶ ተሸክሞ፣ በሕግ ፊት ሠራተኛ ነበርኩ ብሎ የሚያሳየው ነገር የለውም።

አወዳደቁን በዝግታ ላሳያችሁ። የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ በብዙዎቹ ሕይወት ውስጥ የሚደጋገመውን ነው የምነግራችሁ። ክፍሉን ያገኘው ከአገሩ ልጅ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ፍራሽ አለ፤ የሌሊት ፈረቃው ሲገባ የቀኑ ይነሣል፣ ፍራሹ አይቀዘቅዝም። ኪራዩ በየሳምንቱ፣ በእጅ፣ ያለ ደረሰኝ። ፎርማኑም የአገሩ ልጅ ነው፤ አንዳንዴ ክፍሉን የሚያከራየውም ራሱ ፎርማኑ ነው። አንድ ዓርብ ደመወዝ ሳይከፈል ይቀራል፣ «ሰኞ» ይባላል። ሰኞ ስልኩ ዝግ ነው። ወይም ደግሞ ሰውየው ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ይሰበራል። ሁለት ሳምንት ኪራይ ሳይከፍል ይታገሡታል፤ በሦስተኛው ቦርሳው ኮሪደር ላይ ወጥቶ ይጠብቀዋል። ጓደኛ ዘንድ ሶፋ ላይ ይሄዳል፤ ያ ጓደኛ ራሱ ተከራይ ነው፣ አከራዩ ሰው ጨመርክ ብሎ ተቆጥቷል። ከዚያ ባዶ ቤት ይገባል። እዚህ አገር እስከ 2012 ድረስ ሰው የሌለበት መኖሪያ ቤት ገብቶ መኖር በወንጀል አያስከስስም ነበር። እነዚህ ሰዎች ግንበኞች፣ ቧንቧ ሠራተኞች፣ ኤሌክትሪሻኖች ናቸው፤ የገቡበትን ቤት ውሃውን ቀጥለው፣ በሩን ጠግነው፣ ለዓመታት የኖሩበት አሉ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2012 ነገሩ ወንጀል ሆነ። ቀጥሎ የመኪና ጋራዥ፣ የጓሮ መጋዘን፣ መናፈሻ። በዚህ መሃል ቦርሳው ይሰረቃል፤ ፓስፖርቱና ስልኩ አብረው ይሄዳሉ። አዲስ ፓስፖርት ገንዘብና ቀጠሮ ይፈልጋል። ያለ መታወቂያ ሥራ የለም፣ ያለ አድራሻ ባንክ የለም፤ የባንክ ሒሳብ የሌለው ሰው የሚሠራው በእጅ ከሚከፍለው ጋር ብቻ ነው፤ በእጅ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ደግሞ አሁን ተነጋግረናል።

እናቱ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል። ይህን ክፍል ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ይህን ታሪክ ስናገር ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «ወገኖቻቸው የት ነበሩ?» እዚያው ነበሩ። ለንደን ውስጥ ያለው የፖላንድ ማኅበረሰብ ዕድሜ ያለው፣ የተደራጀ ማኅበረሰብ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገራቸው በሶቪየት ተጽዕኖ ሥር ወድቃ መመለስ ያልፈለጉ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው በ1947 በወጣ ሕግ እዚህ ሠፍረዋል። ቤተ ክርስቲያን አቆሙ፣ የቅዳሜ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ሐመርስሚዝ ውስጥ ኪንግ ስትሪት ላይ ትልቅ የባህል ማዕከል ሠሩ። እዚያው መንገድ ላይ ደግሞ አዲስ መጪዎቹ የልቅሶ ግድግዳ የሚሉት የሱቅ መስኮት ነበር፤ የሥራና የክፍል ማስታወቂያ የሚለጠፍበት። የመጣ ሁሉ ቦርሳውን እንደያዘ እዚያ ቆሞ ያነባል። ሥራ እናስገባሃለን ብለው ገንዘብ ተቀብለው የሚሰወሩትም የሚያደቡት እዚያው ነበር። ማዕከሉና መስኮቱ ያሉት አንድ መንገድ ላይ ነው፤ በመሃላቸው ያለው የመደብ ርቀት ግን በእግር አይለካም። ያንዱ አባት በዚያ ጦርነት በተዋጋው የፖላንዱ ጄኔራል አንደርስ ጦር መኮንን ነበር፤ ሌላው ፋብሪካው ከተዘጋበት ከተማ ትናንት የመጣ ነው።

ጋራፒች ደጋግመው የሚያሳዩት አንድ ነገር አለ። ሰዎቹ ስለ አገራቸው ልጆች ሲጠየቁ «ከፖላንዳዊ ራቅ፣ የሚያታልልህ የራስህ ሰው ነው» ይላሉ። ይህን የሚለው ሰው ከፖላንዳውያን ጋር ነው የሚኖረው፣ በፖላንዳዊ ነው ሥራ የገባው፣ ጥርሱ ሲያመው የሚሄደው ፖላንዳዊ ሐኪም ዘንድ ነው። መተባበሩና መጠራጠሩ አንድ ላይ ነው የሚኖሩት። ሥራ የሚያስገባህም ደመወዝህን የሚበላህም እዚያው መረብ ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ ምክንያቱም ቋንቋ ለማይችል፣ ሕጉን ለማያውቅ ሰው ሌላ መረብ የለውም። ጉዳዩ በአብዛኛው የአሠሪና የሠራተኛ፣ የአከራይና የተከራይ ነው፤ የሚወራው ግን በዘር ቋንቋ ነው፣ «እኛ ፖላንዳውያን እኮ እንዲህ ነን» እየተባለ። በዚህ አነጋገር ውስጥ በዝባዡ ይሰወራል፤ ጥፋቱ የሕዝቡ ጠባይ ይሆናል።

ብዙዎቻችን ወገንን እንደ ጎተራ ነው የምናስበው፤ ሞልቶ የተቀመጠ፣ የራበን ቀን ሄደን የምንዘግንበት። በፖላንዳውያኑ የታየው ሌላ ነው። ዝምድናው በየሳምንቱ ይታደሳል፤ የሚታደሰውም በመስጠትና በመቀበል ነው። ለሥራ የሚጠቁም፣ ቢራ የሚጋብዝ፣ ኪራይ የሚያካፍል ሰው ውስጥ ነው። ክንዱ የተሰበረው ሰውዬ ለሁለት ወር የሚሰጠው የለውም። ማንም አያባርረውም፤ ቀስ እያለ ግን ስልኩ መነሣቱን ያቆማል። እድርም እኮ መዋጮ ያቋረጠ አባሉን ይሰርዛል፤ ደንቡ ላይ ተጽፎ ፈርመንበታል።

አንዴ ጎዳና ከወጣ በኋላ ደግሞ ዝምታው ወደ ሐፍረት ይለወጣል። ሥራና ቤት ያላቸው ፖላንዳውያን ባቡር ጣቢያ ደጃፍ የሰከረ ሰው በቋንቋቸው ሲጮህ ሲሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልፋሉ። «ስማችንን አስጠፉን።» ይህችን ዓረፍተ ነገር በአማርኛም ሰምተናታል፣ ብለናታልም።

ጎዳና ላይ የወጡት ወንዶች ግን ብቻቸውን አልቀሩም። ሌላ ማኅበር መሠረቱ፤ ርካሽና ጠንካራ ሳይደር የሚጋሩበት፣ ዛሬ ያገኘ ለሁሉም የሚገዛበት፣ ነገ ሌላው የሚተካበት። ብቻውን የሚጠጣ ይነቀፋል። የታመመ ይጠበቃል፣ ፍራሽ ይጋራል። ከመጠለያና ከቢሮ ግን ይሸሻሉ፤ ቅጽ መሙላት፣ መጠየቅ፣ ስምና ፊርማ መስጠት አይወዱም። ፖላንድ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰው የሚገልጹበት ዝግጁ ስድብ አለ፤ ሆሞ ሶቪየቲኩስ ይሉታል፣ ኮሙኒዝም ያበላሸው፣ በራሱ መቆም የማይችል ሰው ማለታቸው ነው። አነጋገሩን እዚያ አገር ያስፋፋው ዩዜፍ ቲሽነር የሚባል ቄስና ፈላስፋ ነበር። ጋራፒች ይህን ምልክት ይቃወማሉ። እነዚህ ሰዎች ካለፈ ሥርዓት የተረፉ ቅሪቶች አይደሉም፤ የተሠሩት እዚሁ፣ በዛሬው የለንደን የሥራ ገበያ ነው ይላሉ። መጠጡንም ከቢሮ መሸሹንም፣ ሰው ሁሉ በሚያዝዛቸው ቦታ ክብራቸውን የሚያስጠብቁበት እምቢታ አድርገው ያነባሉ።

በመጀመሪያው ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በሁለተኛው ላይ ግን እጄን እሰበስባለሁ። እምቢታ ነው ማለቱ ሰውየውን ከተመጽዋችነት ያወጣዋል፣ ያ መልካም ነው። ነገር ግን ጉበት አንትሮፖሎጂ አያነብም። ክረምት በመጣ ቁጥር ከዚያ ማኅበር ሰው ይጎድላል። ወንድሙ በመጠጥ የሞተበት ሰው «እምቢ ብሎ ነው የሞተው» ብትሉት የሚሰጣችሁን መልስ መገመት አይከብድም። ምሁሩ ይህን አያውቁም ማለቴ አይደለም፤ ከእነሱ ጋር ዓመታት አሳልፈዋል። የጽሑፉ ድምፅ ግን አንዳንዴ ወደ ጀግንነቱ ያደላል።

በዚህ መሃል የፖላንዱ ባርካ ይመጣል። በ1989 ባርባራና ቶማሽ ሳዶቭስኪ የተባሉ ባልና ሚስት ያቋቋሙት ድርጅት ነው፤ ከእስር ቤት፣ ከአእምሮ ሕክምና ሆስፒታልና ከጎዳና የወጡ ሰዎች ገጠር ውስጥ አብረው እየሠሩ የሚኖሩባቸውን ቤቶች በመክፈት ጀመረ። ከ2007 ጀምሮ ለንደን ውስጥ ይሠራ ነበር። አሠራሩን ወድጄዋለሁ። ጎዳና ላይ ሁለት ሰው ሆነው ይወጣሉ፤ አንደኛው ሙያ ያለው ረዳት ነው፣ ሌላው ራሱ ጎዳና ኖሮ የተነሣ ሰው ነው። አጎንብሶ፣ በፖላንድኛ፣ ያለ ቅጽ ያወራል። ከሐፍረቱ ጋር መነጋገር የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ «እኔም እዚያ ነበርኩ» ማለት ስለሚችል። ብዙዎች በዚህ መንገድ ተመልሰዋል። ጥርጣሬዬ ሌላ ላይ ነው። ገንዘቡን የሚከፍሉት የለንደን ካውንስሎች፣ ማለትም የየወረዳው አስተዳደሮች ነበሩ፤ ለካውንስሉ የአውቶቡስ ትኬት ከአንድ ዓመት መጠለያ እጅግ ይረክሳል። መመለስ ከብዙ ምርጫ አንዱ ሆኖ ሲቀርብ እርዳታ ነው። ብቸኛው ሆኖ ሲቀርብ ስሙ ይለወጣል።

ስሙ መለወጡም አልቀረም። በ2010 ፒተርቦሮ ውስጥ ጎዳና የሚያድሩ አውሮፓውያንን የመመለስ ሙከራ ተጀመረ። በ2014 ሥራ ፈላጊ አውሮፓውያን የኪራይ ድጎማ እንዳያገኙ ተደረገ። በ2016 ሆም ኦፊስ ጎዳና ማደር ራሱ የአውሮፓ የመዘዋወር መብትን ያለአግባብ መጠቀም ነው ብሎ መመሪያ አወጣ፤ መናፈሻ ውስጥ የተኛ ሰው ሥራ ቢኖረውም እንኳ ተይዞ ሊባረር ይችል ነበር። ሁለት ፖላንዳውያንና አንድ ላትቪያዊ ከሰሱ። በዲሴምበር 2017 ከፍተኛው ፍርድ ቤት መመሪያው ሕገ ወጥ ነው፣ ያዳላል ብሎ ሻረው። በእነዚያ ወራት አንዳንድ የጎዳና ላይ የእርዳታ ሠራተኞች ከኢሚግሬሽን መኮንኖች ጋር አብረው ይዞሩ እንደነበር ወጥቷል። «ስምህ ማነው? ከየት ነህ?» የሚለው የደግነት ጥያቄ ከዚያ በኋላ የሚያስፈራ ጥያቄ ሆነ፤ አንዴ የጠፋ እምነት ደግሞ በፍርድ ቤት ውሳኔ አይመለስም።

ለንደን ብቻ አይምሰላችሁ። በርሊን ውስጥም ጎዳና ከሚያድሩት መካከል ፖላንዳውያን ብዙ ናቸው። ሆላንድ ደግሞ የራሷ ዘዴ አላት፤ አስቀጣሪው ኤጀንሲ ሥራውንም አልጋውንም አብሮ ይሰጣል፣ የአትክልት መጋዘኑ ሥራ ሲያልቅ አልጋውም አብሮ ያልቃል። በ2020 በኤሚል ሩመር የተመራ ቡድን ሁለቱ ውሎች ይለያዩ ብሎ ለመንግሥቱ ምክር አቅርቧል። በአረብ አገር የቤት ሠራተኛ ሆና የሠራች እህት ይህን አሠራር ለማወቅ ጥናት አያስፈልጋትም።

የእኛም ሰው እዚህ አገር የሚወድቅበት ሰዓት ይገርማል። ጥገኝነቱ ሳይጸድቅ መንግሥት ያሳድረዋል። ወረቀቱ የመጣ ቀን ግን ማደሪያውን እንዲለቅ ይነገረዋል፤ ለዓመታት የሚሰጠው ጊዜ 28 ቀን ብቻ ነበር። ቤኔፊቱ ሳይጀምር፣ ዲፖዚት ሳይኖረው ቀኑ ይሞላል። እልል ተብሎለት በወሩ ሶፋ የሚፈልግ ልጅ ሁላችንም እናውቃለን።

ብሪታንያ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ ያለውን ልጨምርና ወደ ጥያቄያችሁ እንሂድ። እዚህ የነበሩ አውሮፓውያን ለመኖሪያ መብት እስከ ጁን 30 ቀን 2021 ማመልከት ነበረባቸው። አምስት ዓመት መኖሩን ያስረዳ ቋሚውን መብት አገኘ፣ ያላስረዳ ጊዜያዊውን። የኪራይ ውልና የባንክ መግለጫ የሌለው ሰው በምን ያስረዳል? ከሚረዳቸው የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚጻፍ ደብዳቤ ተቀባይነት ነበረው፤ ስለዚህ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ስሙን ለጎዳና ሠራተኛ መናገር የፈራ ሰው፣ አሁን የሚያድነው ያ ስም የተጻፈበት መዝገብ ሆነ። ተናግሮ የተመዘገበው አስረዳ፣ ተሸሽጎ የኖረው ጊዜያዊውን ይዞ ቀረ። ጊዜያዊው መብት ብቻውን ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ እንደማያስገኝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2021 ወስኗል። በኖቬምበር 2023 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሌላ መዝገብ፣ አመልካቹ ሲከለከል በሰብአዊ ክብር መኖር የማይችል ከሆነ ይህ ለብቻው መታየት አለበት ብሏል። ይህን ሁለተኛውን ውሳኔ የማያውቅ የጆብ ሴንተር (የድጎማው ቢሮ) ሠራተኛ ያጋጥማል። ሠፈራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ፖላንዳዊ፣ ሮማንያዊ፣ ወይም የጣሊያን ፓስፖርት ይዞ የመጣ የእኛው ሰው ካለና «አይገባህም» ከተባለ፣ ውሳኔውን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ከዚያ ወረቀቱን ይዞ የሕግ ምክር ወደሚሰጥ ማዕከል ይሂድ። ይግባኝ የሚጠየቅበት ጊዜ ገደብ ስላለው አይዘግይ።